«ፊዚክስ ደረሰኝ» ለምን የሐዘን ዜና ይሆናል?

ርዕሱን አይታችሁ «ይቺ ደግሞ ፊዚክስ ውስጥ ምን ጥሏት ገባች?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም። የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 «ከመቶው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር» ብሎ ባወጣው ስሌት ብትሄዱ እኔ ከሠላሳዎቹ ወገን ነኝ። ግን ሰባዎቹ ምን ላይ እንደደረሱ መጠየቅ የእኛ የሠላሳዎቹ ሥራ ይመስለኛል። ጋዜጠኛ የማይጠይቀውን ማን ይጠይቅለት?

በየትኛውም ግቢ የዲፓርትመንት ምደባ የሚለጠፍበትን ቀን አስታውሱት። ሕክምና የደረሰው ይዘላል። ሶፍትዌር የደረሳት ለእናቷ ትደውላለች። ፊዚክስ የደረሰው ልጅ ግን ወረቀቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ያየዋል፤ ስሙን ከሌላ ሰው ስም ጋር ያምታታው እየመሰለው። ጓደኞቹ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አይዞህ፣ ቢያንስ አስተማሪ ትሆናለህ» ይሉታል። በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሙያ ሰደብን፦ ፊዚክስንም፣ ማስተማርንም።

የዛሬው ክርክሬ አጭር ነው። እኛ የምናለቅስበት ትምህርት በሌላው ዓለም የዘመኑ ትልቁ ጀብዱ ከሚካሄድባቸው ሜዳዎች አንዱ ነው። ወደዚያ ሜዳ ለመግባት የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ ሁልጊዜ እኛ እንደምናስበው ውድ አይደለም። ይህን ለማሳየት ስሙ ሲጠራ እንኳ የሚያስፈራ አንድ ርዕስ መርጫለሁ፦ የአቶም ያህል ስስ በሆኑ ሴሚኮንዳክተሮች ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች በኃይለኛ የማግኔት መስክ ሥር እርስ በርስ የሚያደርጉት ትግል። አትሽሹ፣ ቀስ ብለን እንሄዳለን።

ከእርሳስ እንጀምር። እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት ይባላል። እንደ ንብብር ወረቀት በላይ በላዩ የተደራረበ የካርቦን ንጣፍ ነው፤ ስንጽፍበት ንጣፎቹ እየተላጡ ደብተራችን ላይ ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ ማንቸስተር አንድሬ ጋይም እና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ግራፋይትን በፕላስተር፣ አዎ በዚያው ወረቀት በምንለጥፍበት ፕላስተር፣ ደጋግመው እየላጡ የአንድ አቶም ውፍረት ያለው ንጣፍ ለዩ። ግራፊን ተባለ። በ2010 የኖቤል ሽልማት ወሰዱበት።

የግራፊን ችግር እንደ ብረት ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ ነው፤ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ «አብራ፣ አጥፋ» ለማለት አይመችም። ለዚያ ሴሚኮንዳክተር ያስፈልጋል። ሰዎች ፊታቸውን ወደ ሌሎች ተላጭ ድንጋዮች አዞሩ። ከእነዚህ አንዱ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ነው። ስሙን አትፍሩት፤ ጋራዥ የሚሠራ ወንድም ካላችሁ ይህ ነገር እጁን አጥቁሮት ሊሆን ይችላል፤ ጠቆር ያሉ የመኪና ግሪሶች ውስጥ ለማለስለሻ ይገባል። የሚያለሰልሰውም ንጣፎቹ እርስ በርስ ስለሚንሸራተቱ ነው። አንዱን ንጣፍ ብቻ ብትወስዱ እንደ ሳንድዊች ሦስት የአቶም ድርድር ታገኛላችሁ፦ ከላይና ከታች ድኝ፣ መሐሉ ላይ ሞሊብዲነም። ውፍረቱ አንድ ናኖሜትር እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2010 እንዲህ የሳሳው ንጣፍ ከወፍራሙ ይልቅ ብርሃን በጣም አጥብቆ እንደሚያፈልቅ ታወቀ፤ በ2011 ደግሞ ስዊዘርላንድ ውስጥ ትራንዚስተር ተሠራበት።

አሁን ማግኔቱን እናምጣ። የማግኔት መስክ የሚንቀሳቀስ ኤሌክትሮንን አያፈጥነውም፤ መንገዱን ያጥፈዋል። መስኩ ሲበረታ ኤሌክትሮኑ ጭራውን እንደሚያሳድድ ውሻ በጠባብ ክብ ይዞራል። ለሐዋሳ ሰው በባጃጅ ላስረዳ። ከፒያሳ ወደ አቶቴ የሚከንፉ ባጃጆችን አስቡ። እያንዳንዱ ሹፌር የራሱን ጉዳይ ይዞ ይሮጣል፤ ከጎኑ ማን እንዳለ ብዙም አይገደውም። ድንገት ሕግ ወጥቶ «ሁሉም ባጃጅ ባለበት በጠባብ ክብ ይሽከርከር» ቢባል ምን ይሆናል? የፍጥነት ውድድር አበቃ። ጉልበተኛና ደካማ የሚባል የለም። የሚቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ እንዳንጋጭ እንዴት እንራራቅ?

ኤሌክትሮኖችም እንደዚሁ ናቸው። ሁሉም ኔጌቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ። በተራ ሽቦ ውስጥ ሩጫቸው መገፋፋቱን ይሸፍነዋል፤ ፊዚክስ አስተማሪያችንም እያንዳንዱን ብቻውን እንዳለ ቆጥሮ ሒሳቡን ይሠራል፤ መልሱም ለብዙ ነገር ይበቃል። በኃይለኛ ማግኔት ሥር ግን ሩጫው ይቆማል፤ መገፋፋቱ ጌታ ይሆናል። ያኔ አንዱን ኤሌክትሮን ብቻውን ማጥናት ትርጉም ያጣል። የፍቼ ጫምባላላ ዕለት ጉዱማሌ ላይ ቄጣላውን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያንን ማዕበል ከአንድ ጨፋሪ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት እዚህ ቃል በቃል ይሠራል።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው። ኤድዊን ሆል የሚባል ገና ተማሪ የነበረ አሜሪካዊ በስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ማግኔት ሲያስጠጋ ቮልቴጅ በጎን በኩል ብቅ አለለት። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በየካቲት ወር 1980፣ ክላውስ ፎን ክሊትዚንግ ይህንኑ ሙከራ ፈረንሳይ ግሬኖብል ውስጥ በሲሊከን ትራንዚስተር፣ በከባድ ብርድና በኃይለኛ ማግኔት ሲሠራ ቮልቴጁ በደረጃ በደረጃ ሲዘል አገኘው። ደረጃዎቹ ሁሉ 25,812.807 ኦም ከሚባል አንድ ቁጥር ተካፍለው ይገኛሉ። ሲሊከን ይሁን ግራፊን፣ ጀርመን ይሁን ጃፓን፣ ቁጥሩ አይለወጥም። በ1985 ኖቤል ተሸለመበት፤ ከ1990 ጀምሮ ደግሞ ዓለም ኦምን የሚለካበት መሠረት ሆነ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በኪሱ የሚይዘው መለኪያ ትክክል ነው የምንለው የመለኪያው መለኪያ ተጠይቆ ተጠይቆ መጨረሻ እዚያ ቁጥር ላይ ሲደርስ ነው።

እስከዚህ ድረስ ግን ኤሌክትሮኖቹ ለየብቻ ሆነው ሊገለጹ ይችሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ዳንኤል ትሱይ፣ ሆርስት ስቶርመር እና አርተር ጎሳርድ ይበልጥ ንጹሕ በሆነ ቁስ ሲሞክሩ ያልተጠበቀ አዲስ ደረጃ አገኙ፤ አንድ ሦስተኛ ላይ። ይህ ለየብቻ ከሚሮጡ ኤሌክትሮኖች ሊመጣ አይችልም። በ1983 ሮበርት ላፍሊን ምክንያቱን ጻፈ፦ ኤሌክትሮኖቹ ተጠንቅቀው ተራርቀው አዲስ ዓይነት ፈሳሽ ሆነዋል፤ በዚህ ፈሳሽ ውስጥ የሚፈጠረው ሞገደኛ ቅንጣት የኤሌክትሮን ቻርጅ አንድ ሦስተኛ ብቻ ይይዛል። አስተውሉ፣ ማንም ኤሌክትሮን አልተሰነጠቀም። ማኅበሩ ግን ከአባላቱ ያነሰ ቻርጅ ወለደ። በ1997 ሙከራ ይህን አንድ ሦስተኛ ቻርጅ ለካው፤ በ1998 ትሱይ፣ ስቶርመርና ላፍሊን ኖቤል ተቀበሉ።

ታዲያ ስሶቹ ሴሚኮንዳክተሮች ለምን ተፈለጉ? ሁለት ምክንያት አላቸው። አንደኛ፣ ኤሌክትሮን በድሮው ተወዳጅ ቁስ በጋሊየም አርሴናይድ ውስጥ ነጻ ከሆነው ኤሌክትሮን 15 እጥፍ ያህል ቀልሎ ሲሮጥ፣ እዚህ ግን የነጻውን ግማሽ ያህል ይከብዳል፤ ከባድ ሯጭ ደግሞ ቶሎ ይሸነፋል። ሁለተኛ፣ ቁሱ ስስ ስለሆነ በኤሌክትሮኖቹ መካከል ገብቶ የሚያስታርቅ ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ መገፋፋቱ በጣም ይበረታል። በዚህ ላይ ኤሌክትሮኖቹ በሁለት «ሸለቆ» ይኖራሉ። የስምጥ ሸለቆ ልጆች ስለሆንን ቃሉ አይከብደንም፤ ኤሌክትሮኑ ዝቅተኛ ጉልበት የሚያገኝበት ሥፍራ ማለት ነው። ማግኔት አንዱን ሸለቆ ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ያደርጋል፤ ኤሌክትሮኖቹም በመገፋፋታቸው ምክንያት ሁሉም ተጠራርተው ወደ አንዱ መግባትን ይመርጣሉ።

ውጤቱ መታየት ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ ንጣፍ ተንግስተን ዳይሴሌናይድ ውስጥ እነዚያን ክፍልፋይ ደረጃዎች አዩ። በ2021 ዙሪክና ሃርቫርድ ያሉ ቡድኖች በሞሊብዲነም ዳይሴሌናይድ ውስጥ ኤሌክትሮኖች እንደ ወታደር ተሰልፈው ሲቆሙ አገኙ፤ ዩጂን ዊግነር በ1934 በወረቀት ላይ የተነበየው ነው። 87 ዓመት! በ2023 ደግሞ ሁለት ንጣፎችን ትንሽ አጣሞ በመደራረብ ክፍልፋዩን ክስተት ያለ ምንም የውጭ ማግኔት ማግኘት ተቻለ።

«እሺ፣ ጥሩ ነው፤ እኛ ምን አገባን?» ወደሚለው እንምጣ። ዳቦ ሳይጠግብ ስለ ኤሌክትሮን ማውራት የጥጋብ ወሬ ይመስላል። ጥያቄውን አከብረዋለሁ። ፍሎሪዳ ታላሃሲ ውስጥ ያለው 45 ቴስላ ማግኔት ከእኛ ምድር የማግኔት መስክ አንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይበረታል። ሙከራው ደግሞ በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪና ከዚያም በታች ይቀዘቅዛል። ሐዋሳ እንደዚያ ዓይነት ማግኔት ትግዛ የሚል ሰው ካለ እኔም አብሬ እቃወመዋለሁ።

ግን ሁለት ነገር አንደባልቅ። ሙከራ ውድ ነው። ማሰብ ውድ አይደለም። ላፍሊን ያሸለመውን መልስ ያገኘው በወረቀትና በእርሳስ ነው። ከእሱ በኋላ በ1989 ጃይኔንድራ ጄን የተባለ ህንዳዊ ነገሩን ሁሉ የሚያስተባብር ሐሳብ አመጣ፦ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ከማግኔት መስኩ ቆንጥሮ ይለብስና አዲስ ፍጡር ይሆናል፤ አዲሶቹ ፍጡራን ደግሞ እንደ ተራ ኤሌክትሮኖች ለየብቻ ይሮጣሉ። ያ ሁሉ ውስብስብ ክፍልፋይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተፈታ። ጄን ሳምብሃር በምትባል በራጃስታን ትንሽ ከተማ ተወልዶ ጃይፑር የተማረ ሰው ነው። በ2025 የዎልፍ ሽልማትን ከጄምስ አይዘንስታይንና ከሞቲ ሃይብሉም ጋር ተካፈለ። ከላይ ያነሳሁት ትሱይ ደግሞ ቻይና ሄናን ውስጥ በገጠር መንደር፣ ማንበብና መጻፍ ከማይችሉ ወላጆች ተወለደ። ከሀብታም ከተማ ስላልመጡ የሚያስለቅሳቸው ሰው አልነበረም ለማለት አልችልም። መንገዱ ግን ክፍት ነበር።

የእኛም አገር ቢሆን ከዚህ ፊዚክስ ባዶ አይደለም። ቀና በሉ። የማግኔት ወገብ የሚባለው መስመር በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በቀን ብርሃን ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስስ በሆነ የአየር ንብርብር ውስጥ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። ያን ያህል የሚያበረታው ምን መሰላችሁ? የሆል ክስተት ነው። ኤሌክትሮኖቹ በምድር ማግኔት ተይዘው ወደ ጎን ሲታጠፉ ቻርጁ ከላይና ከታች ይከማቻል፤ ክምችቱ ተመልሶ ጅረቱን ያበረታዋል። ኤድዊን ሆል በወርቅ ቅጠል ያየው ነገር ከጭንቅላታችን በላይ በነጻ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1957 እና 58 ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲታወጅ አዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመበት አንዱ ምክንያት ለዚህ መስመር ቅርብ መሆኗ ነበር፤ ፒየር ጉዌን የተባሉት ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ቄስ ለረዥም ዘመን መሩት። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ይህንን የላይኛውን አየር የሚያጠና ላቦራቶሪ አቋቁሟል። ተፈጥሮ አድልታልናለች፤ የጎደለው የሚያጠናው ልጅ ነው።

ሆል መንገዳችን ላይም አለ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ እየበዛ ነው። እንዲህ ዓይነት ሞተሮች ውስጥ ሮተሩ የት እንደደረሰ የሚናገረው አንዳንድ ጊዜ የሆል ሴንሰር የሚባል ጥፍር የማይሞላ ዕቃ ነው። ሲበላሽ የሚገባው ሰው ከሌለን ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ከውጭ ልናስመጣ ነው ማለት ነው።

ለዘመናዊው ምርምርስ? የእነዚህን ስስ ቁሶች የኤሌክትሮን ባሕርይ የሚያሰላ ኳንተም ኤስፕሬሶ የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ በነጻ ይወርዳል፤ ትንንሾቹን ስሌቶች ደህና ላፕቶፕ ይሸከማቸዋል። ይህን ዓይነት ስሌት ለአፍሪካውያን የሚያስተምረው ተዘዋዋሪ ትምህርት ቤት በ2018 የተካሄደው አዲስ አበባ ነበር። ፓኪስታናዊው አብዱስ ሳላም በ1964 ጣሊያን ትሪየስተ ላይ ያቋቋመው የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል ለእኛ ዓይነት አገር ልጆች ነው የተሠራው፤ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ኪጋሊ ላይ እህት ተቋም አለው። በሩ ተከፍቷል። እኛ ግን በሩ ላይ የሚደርሰውን ልጅ መጀመሪያውኑ «አይዞህ» ብለን ሸኝተነዋል።

እዚህ ላይ አንድ ስም መጥራት ግድ ይለኛል፤ ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ መምህር በደርግ ዘመን ታሰሩ፣ ተሰቃዩ። እስር ቤት ውስጥ ግን ለእስረኛ ጓደኞቻቸው ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። በኋላ ህንድ ባንጋሎር ዶክትሬታቸውን ሠርተው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር ለሰብአዊ መብት የሚሰጠውን የአንድሬ ሳካሮቭ ሽልማት ከሃርቫርዱ ሪቻርድ ዊልሰን ጋር አካፈላቸው። ቦርድ የለ፣ ላብ የለ፣ ደመወዝ የለ፤ ፊዚክሱ ግን ነበረ። እኛ በመብራትና በኢንተርኔት መሐል ተቀምጠን «መሣሪያ ስለሌለ አይቻልም» ስንል ትንሽ ልናፍር ይገባል።

በእርግጥ እፍረት ብቻውን ላብ አይሠራም። የተማሪውም ሐዘን ከሰማይ የወረደ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ነበሩ። ከዚህች ጥቂት ውስጥ ለቤተሰቡ ቶሎ እንጀራ የሚያመጣ ሙያ የመረጠውን ልጅ ማን ይወቅሳል? እኔ የምወቅሰው ስሌቱን ነው። «70 ለ30» ሰው በመቶኛ ቆጠረ እንጂ ፍላጎትን አልቆጠረም። ሳይፈልግ የተመደበ ሺህ ተማሪ ከሚኖር ፈልገው የገቡ ሃያ ልጆች ይሻላሉ። ኤሌክትሮን እንኳ ተገፍቶ እንጂ ወድዶ አይሰለፍም፤ ሰው ግን ወድዶ ሲሰለፍ ነው ተአምር የሚሠራው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ፊዚክስን የምደባ ትርፍ ማስቀመጫ ማድረግ ይቅር፤ ወድዶ የመረጠው ልጅ ደግሞ በደህና ድጎማ ይያዝ። የዩኒቨርሲቲዎቻችን ፊዚክስ ክፍሎች፣ የሐዋሳችንን ጨምሮ፣ መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ ጥቂት ኮምፒውተር ያለበት አንድ የስሌት ክፍል ይኑራቸው፤ ሌሊቱንም ክፍት ይሁን። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁሉ አንድ የሆል ሴንሰር፣ አንድ ማግኔትና አንድ መለኪያ ያግኝ። እሱ እስኪመጣ ደግሞ አስተማሪው ወረቀት ላይ በእርሳስ ወፈር ያለ መስመር አስምሮ በመለኪያ ይፈትሽላቸው፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ልጆቹ በዓይናቸው ይዩ።

ለእኛ ለሠላሳዎቹም የቤት ሥራ አለን። የሳይንስ ዜና ሲመጣ «ሳይንቲስቶች አስገራሚ ነገር አገኙ» ብለን ከስፖርቱ በፊት በሁለት መስመር ማሳለፍ ይብቃን። አማርኛችን ከፊል አስተላላፊ፣ ሸለቆ፣ መስክ፣ ንጣፍ የሚሉ ቃላት አሉት፤ የሚጎድለው የሚጠቀምባቸው ነው። የሚቀጥለው የዲፓርትመንት ምደባ ሲለጠፍ ፊዚክስ የደረሳትን ልጅ ካገኛችኋት «አይዞሽ» አትበሏት። «እንኳን ደስ አለሽ» በሏት፤ ከዚያም ምን ልታጠኚ አሰብሽ ብላችሁ ጠይቋት።